ቆጣሪ የሚያስሮጠውን የግቢ መብራት ማስተካከል፦ ለሆቴል፣ ለማደያና ለመጋዘን ደረጃ በደረጃ

ደብረ ብርሃን ላይም ሆነ ሸዋ ሮቢት፣ የድሮውን ፓውዛ አውርደው ኤልኢዲ ሰቅለው ሲያበቁ ቢላቸው እንዳሰቡት ያልወረደላቸው ባለሆቴሎችና ባለማደያዎች ጥቂት አይደሉም። ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ዕቃ ይገዛል፤ ከዚያ አሮጌው በነበረበት ቦታና ብዛት አዲሱ ይሰቀላል፤ መብራቱ እስከ ስንት ሰዓት መብራት እንዳለበት ግን የሚጠይቅ የለም። ቆጣሪው ዋቱን ከሰዓቱ ጋር አባዝቶ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ሥራው በመለካት ይጀምራል፤ ቀጥሎ መቀነስና ማዞር ነው፤ ግዢው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ስሌቱን ሁሉ በኪሎዋት ሰዓት ይያዙ። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲሻሻል ስለተደረገ በብር የያዙት ሂሳብ ቶሎ ያረጃል። በመጨረሻ በቅርብ ጊዜ ቢልዎ ላይ ባለው ዋጋ ያባዙታል።

ከመጀመርዎ በፊት

በክላምፕ ሜትር ከሚለካው በስተቀር ደረጃ 1ን እና 2ን ባለቤቱ ራሱ ከጥበቃው ጋር ሆኖ ሊሠራው ይችላል። ከደረጃ 4 ጀምሮ ያለውን ግን የሙያ ፈቃድ ላለው ኤሌክትሪሺያን ይስጡ፤ እርስዎ ይህን ጽሑፍ ይዘው አጠገቡ ይቁሙ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች፦

- ቮልትና አምፔር የሚለካ ክላምፕ ሜትር
- ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የሽቦ መላጫ
- ውሃ የማያስገባ ስካቶላ፣ የኬብል ግላንድ (ኬብሉ የሚገባበትን ቀዳዳ አጥብቆ የሚይዝ)፣ በብሎን የሚጠብቅ የሽቦ ማያያዣ
- ለፖል ሥራ ስካፎልድ፣ ወይም ሰው ከሥር የሚይዘው ጠንካራ መሰላል
- ደብተር፣ እስክሪብቶና ብሬከር ላይ የሚለጠፍ ወረቀት

ማስጠንቀቂያ፦ ቆጣሪውና ከቆጣሪው በፊት ያለው መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት እንጂ የእርስዎ አይደለም። የታሸገውን አይክፈቱ፤ ኤሌክትሪሺያኑም እንዲከፍት አይፍቀዱ።

ደረጃ 1፦ መለካት

1. ምሽት 2 ሰዓት ላይ ግቢውን ይዙሩ። እያንዳንዱን መብራት በቁጥር ይመዝግቡ፦ የት እንዳለ፣ ዓይነቱን፣ ዋቱን፣ ከፍታውን፣ ማን እንደሚያበራውና ማን እንደሚያጠፋው።

2. በማግስቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ እንደገና ይዙሩ። በፀሐይ የሚበሩትን ምልክት ያድርጉባቸው። ከመጋዘን ጀርባና ከጄኔሬተር ቤት አጠገብ ሌት ተቀን የሚበራ መብራት ማግኘት የተለመደ ነው።

3. የተጻፈውን ዋት እንዳለ አይውሰዱ፤ ባላስቱም (የአምፖሉን ፍሰት የሚገድበው ዕቃ) ይበላል። 400 ዋት ሜታል ሃላይድ (የድሮ ፓውዛ የጋዝ አምፖል) ከነባላስቱ ወደ 450 ዋት ይወስዳል። 250 ዋት ሶዲየም ወደ 280 ይጠጋል። 36 ዋት ፍሎረሰንት በብረት ባላስት ወደ 45 ነው። ሃሎጅን ባላስት ስለሌለው የተጻፈበት ያህል ነው፤ ከሁሉም ከባዱ ግን እሱ ነው።

4. ማታ ሥራ የሚያቆም መጋዘን ወይም ሱቅ ካለዎት የውስጡን ሁሉ አጥፍተው የውጩን ብቻ ያብሩ። ቆጣሪውን ያንብቡ፤ ልክ ከ1 ሰዓት በኋላ ድጋሚ ያንብቡ። ልዩነቱ የውጭ መብራትዎ የሰዓት ፍጆታ ነው።

5. ሆቴል ከሆነ የእንግዳውን መብራት ማጥፋት አይቻልም። በዚህ ጊዜ ኤሌክትሪሺያኑ የውጭ መብራቱን ፌዝ (ኃይል ተሸካሚውን ሽቦ) በክላምፕ ሜትር ይለካ። ነገር ግን አምፔርን በ220 ማባዛት ለኤልኢዲ ይሠራል እንጂ ለአሮጌ ባላስት ያታልላል። የባላስቱ ካፓሲተር ከሞተ አምፔሩ ከእውነተኛው ፍጆታ በጣም ከፍ ብሎ ይነበባል። ለእነዚህ ከላይ በተራ ቁጥር 3 ያለውን ግምት ይጠቀሙ።

*ካልሆነ፦* የውጭ መብራቱ የራሱ ብሬከር ከሌለውና ከኩሽና ወይም ከውሃ ፓምፕ ጋር ከተደባለቀ፣ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያወረዱ የትኛው መብራት እንደሚጠፋ ይጻፉ። መለየቱ በደረጃ 5 ግዴታ ስለሚሆን ለኤሌክትሪሺያኑ አሁኑኑ ይንገሩት። መብራት ሁሉ ጠፍቶ ክላምፕ ሜትሩ አሁንም ፍሰት ካሳየ ደግሞ የማያውቁት ጭነት አለ፤ ወይም መሬት ውስጥ የተቀበረው ኬብል ተልጦ ወደ አፈር ይፈስሳል። ይህ ሳይገኝ ወደፊት አይሂዱ።

ለማነጻጸሪያ እንዲሆን 8 ባለ 400 ዋት ሜታል ሃላይድ ያለው ግቢ እንውሰድ። 8 ጊዜ 0.45 ኪሎዋት፣ በ12 ሰዓት ሲባዛ በቀን 43.2 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በ30 ቀን 1,296። ይህን ቁጥር ያስታውሱት፤ እንመለስበታለን።

ደረጃ 2፦ መቀነስና ማዞር

በዚህ ደረጃ ምንም ብር አይወጣም፤ ሰው ሁሉ የሚዘለውም ይህንኑ ነው።

1. ከዝርዝርዎ ውስጥ ባሕር ዛፉን፣ የጎረቤትን ጣሪያ ወይም ሰማዩን የሚያበራውን ያክብቡ።

2. የተከበቡትን ለአንድ ሳምንት አጥፍተው ጥበቃውን ይጠይቁ፦ «የት ቦታ ጨለመብህ?» የጎደለ ነገር ካልነገረዎ መብራቱ ይወርዳል።

3. የቀሩትን ፓውዛዎች ወደ መሬት ያዘንብሏቸው። መለኪያው ቀላል ነው፦ ከመብራቱ 20 ሜትር ርቀው ይቁሙ። የመብራቱ ፊት ዓይንዎን ከወጋዎት ቀና ብሏል ማለት ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ታች ከሚያይበት አቅጣጫ ከ60 ዲግሪ በላይ መነሳት የለበትም።

4. ምን ያህል ብርሃን እንደሚበቃ ይወስኑ። ለእግረኛ መተላለፊያ 5 ሉክስ (መሬት ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ)፣ ለመኪና ማቆሚያ ከ10 እስከ 20፣ ለዋና መግቢያ 50 ገደማ፣ ነዳጅ ለሚቀዳበት ቦታ ከ100 እስከ 150 ሉክስ ይበቃል። የስልክ መለኪያ መተግበሪያ ትክክለኛ ቁጥር አይሰጥም፤ በፊትና በኋላ ያለውን በአንድ ስልክ ለማነጻጸር ግን ይጠቅማል።

ብዙ ባለቤት «ግቢዬ ቦግ ካላለ ሌባ ይገባል» ይላል። ፊቱ ላይ ፓውዛ የተተኮሰበት ጥበቃ ግን ከብርሃኑ ወዲያ ያለውን አያይም፤ ከአጥሩ ሥር ያለው ጥላም ይበልጥ ይጠቁራል። ሰውን የሚያሳየው እኩል የተበተነ መጠነኛ ብርሃን ነው። ፓውዛውን ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ ወደ አጥሩ እንጂ ከአጥሩ ወደ ጥበቃ ቤቱ አያዙሩት።

ጣርማበርና ደብረ ሲና አካባቢ ጭጋግ የሚበዛበት ግቢ ካለዎት ከፍ ያለ ኃይለኛ ፓውዛ ጭጋጉን ራሱን ያበራና ነጭ ግድግዳ ይሠራብዎታል። እዚያ ከ3 እስከ 4 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ኮፍያ ያላቸውና በቀጥታ ወደ ታች የሚያዩ ብዙ ትንንሽ መብራቶች ይሻላሉ።

ደረጃ 3፦ ዕቃ መግዛት

400 ዋት ሜታል ሃላይድን ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ዋት ያለው ጥሩ ኤልኢዲ ይተካዋል። «ጥሩ» የምትለዋ ቃል ናት ሥራውን የምትሠራው። ካርቶኑ ላይ 200 ዋት ተብሎ 60 ዋት ብቻ የሚወስድ ፓውዛ ገበያው ላይ ሞልቷል። ገዢው ጨለመብኝ ብሎ ሁለት እጥፍ ይሰቅልና ቁጠባው እዚያው ይቀራል።

ሱቅ ሲገቡ እንዲህ ያድርጉ፦

1. ክላምፕ ሜትር ይዘው ይሂዱ፤ መብራቱ ሱቁ ውስጥ እንዲሰካ ይጠይቁ። ክላምፑን በፌዙ ሽቦ ብቻ ያዙሩ፤ ሁለቱን ሽቦ አንድ ላይ ካቀፈ ዜሮ ያነባል። ትክክለኛ 100 ዋት መብራት በ220 ቮልት ወደ 0.5 አምፔር ይወስዳል። 0.2 ካነበበ ዋቱ ውሸት ነው። ከ0.7 በላይ ካነበበ ደግሞ ፓወር ፋክተሩ (ከሚስበው ምን ያህሉ በእርግጥ ሥራ ላይ እንደሚውል የሚያሳየው ቁጥር) ደካማ ነው፤ ቢያንስ 0.9 ይፈልጉ።

2. በእጅዎ ያንሱት። የአሉሚኒየሙ አካል ከባድና ክንፍ ያለው ይሁን። ቀላልና ስስ የሆነው ሙቀቱን ማስወጣት አይችልም።

3. ድራይቨሩ (ለኤልኢዲው የሚስማማውን ኃይል የሚሰጠው ዕቃ) ለብቻው የሚነቀል መሆኑን ያረጋግጡ። ቺፑና ድራይቨሩ በአንድ ሰሌዳ ላይ የተበየዱበት ርካሽ ዓይነት የመብረቅና የመስመር ግፊትን አይችልም፤ ሲሞትም ሙሉ መብራቱ ነው የሚጣለው።

4. የሚችለውን ቮልቴጅ ያንብቡ። ከ100 እስከ 277 የሚል ይምረጡ። ከ220 እስከ 240 ብቻ የሚለው ለእኛ መስመር መዋዠቅ አይሆንም።

5. አይፒ65 ወይም 66 (አቧራና ውሃ የመከላከል ደረጃ)፣ በዋት ከ100 ሉመን (የሚወጣው ብርሃን መለኪያ) ያላነሰ፣ የግፊት መከላከያው 6 ኪሎ ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ይሁን።

6. ቀለሙ ከ3,000 እስከ 4,000 ኬልቪን ይሁን። 6,500 የሚለው ሰማያዊ ነጭ ዓይን ይወጋል፤ ቆላ ላይ ደግሞ ነፍሳት ይሰበስባል። ሸዋ ሮቢት ያለ ባለሬስቶራንት 3,000ውን ቢመርጥ ጠረጴዛው ላይ የሚረግፈው ትኋን መሰል ነፍሳት ይቀንስለታል።

ደጋና ቆላው ዕቃ የሚያበላሹበት መንገድ ይለያያል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ናት። ቅዝቃዜው ለኤልኢዲ መልካም ነው፤ ክፋቱ እርጥበቱ ላይ ነው። የሞቀ መብራት ሲጠፋ በውስጡ ያለው አየር በድንገት ይቀዘቅዝና ከውጭ እርጥብ አየር ይስባል። ላስቲኩ ደካማ ከሆነ መስታወቱ ከውስጥ ያላባል፤ ቀስ በቀስም ቺፑ ይዝጋል። በዚህ ከፍታ ፀሐዩም ፕላስቲክ ስለሚያደርቅ ነጭ የኬብል ማሰሪያ ቶሎ ይሰባበራል፤ ለውጭ የተሠራውን ጥቁር ይግዙ። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ላይ ጠላቱ ሙቀትና አቧራ ነው። እዚያ ድራይቨሩን በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አይዝጉት፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይም አይለጥፉት።

አዲስ አምፖል ብቻ ገዝቶ በአሮጌው ፓውዛ ሶኬት ውስጥ ማሰርም ይቻላል። አይመከርም። የተዘጋው ቤት ያፍነዋል፤ የአሮጌው አንጸባራቂ ቅርጽም ለኤልኢዲ አልተሠራም።

ደረጃ 4፦ ማውረድና መግጠም

*መጀመሪያ ኒውትራሉን (የመመለሻ ሽቦውን) ይፈትሹ።* ሦስት ፌዝ ለሚገባበት ግቢ ይህ ከሁሉም ይቀድማል። ግቢው ጭነት ላይ እያለ እያንዳንዱን ፌዝ ከኒውትራል ጋር ይለኩ። ሦስቱም ተቀራራቢ ከሆኑ ይቀጥሉ። አንዱ 190፣ ሌላው 250 ካነበበ ኒውትራሉ የሆነ ቦታ ልል ነው። ጨርሶ ከተቋረጠ በአንዳንዱ መስመር ላይ ቮልቴጁ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል፤ አዲስ የተሰቀለውን ኤልኢዲ በሙሉ በአንድ ሌሊት ጠብሶ ያድራል። የላላው ከቆጣሪው በፊት ከሆነ ለአገልግሎቱ ያመልክቱ፤ ከቆጣሪው በኋላ ከሆነ ኤሌክትሪሺያኑ ብሬከሮቹ ያሉበትን ሰሌዳ ብሎኖች ሁሉ ያጥብቅ።

ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ፦

1. ቀን ላይ ይሥሩ። ብሬከሩን አውርደው «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ወረቀት ይለጥፉበት። ጥበቃው ተረኛ ሲቀየር ለአዲሱም ይንገሩ። በራሱ የሚነሳ ጄኔሬተር ካለ እሱንም ያጥፉ።

2. መለኪያውን መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በሚያውቁት ሶኬት ላይ ይሞክሩ፤ ቀጥሎ በሚሠሩበት ሽቦ ላይ ይለኩ፤ እንደገና በሶኬቱ ላይ ይሞክሩ። መብራት ያለው የቴስተር ካቻቢቴ ብቻውን አይታመንም።

3. አሮጌው ፓውዛ ሲበራ አድሮ ከሆነ 30 ደቂቃ ይቀዝቅዝ። ካፓሲተሩ ኃይሉ ከጠፋ በኋላም ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ ኤሌክትሪሺያኑ ሳያራግፈው ጫፉን በእጅ አይንኩ።

4. አምፖሉን ሳይሰበር ያውርዱ። ሜታል ሃላይድ፣ ሜርኩሪና ፍሎረሰንት ውስጥ ሜርኩሪ አለ። በካርቶን አሽገው ልጆች በማይደርሱበት ያስቀምጡ። ከተሰበረ ቦታውን ያናፍሱ፤ በመጥረጊያ አያቡንኑት፤ በእርጥብ ወረቀት ሰብስበው ያሽጉ።

5. ባላስቱን፣ ኢግናይተሩንና ካፓሲተሩን ከመስመሩ ሙሉ በሙሉ ያውጡ። ኢግናይተር አምፖል ለማስነሳት በሺህ የሚቆጠር ቮልት ይተኩሳል። እሱ ባለበት የተገጠመ ኤልኢዲ ወዲያው ይቃጠላል፤ ባላስቱ ብቻ ቢቀርም ያለ ጥቅም ኃይል ይበላል።

6. ኬብሉን ይመልከቱ። ልባሱ ሲታጠፍ ከተሰነጠቀ ጤናማው ክፍል እስኪደርሱ ይቁረጡ። የመሬት ሽቦ ከሌለው፣ በተለይ ፖሉ ብረት ከሆነ፣ ባለ ሦስት ሽቦ ኬብል አዲስ ይሳቡ። ክረምት ላይ እርጥብ ፖል የሚደገፍ ሰው ይኖራልና።

7. አዲሱን መብራት ገና መሬት ላይ እያለ አገናኝተው 15 ደቂቃ ያብሩት። ብልጭ ድርግም ካለ ወይም ከተቃጠለ ሽታ ካመጣ ከመሰላል ላይ ሳይሆን ከመሬት ላይ ይመለሳል። ይህን መዝለል የሚያስከትለው ድጋሚ ስካፎልድ መትከል ነው።

8. ይስቀሉት። ሽቦውን ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይላጡ፤ በብሎን ማያያዣ ያጥብቁ፤ ስካቶላ ውስጥ ይዝጉ። ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል በደጋ እርጥበት ሁለት ክረምት አይዘልቅም።

9. ግላንዱ ወደ ታች ይይ። ኬብሉ ወደ ስካቶላው ከመግባቱ በፊት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ረገብ ብሎ ይመለስ፤ ዝናቡ በኬብሉ ተንሸራቶ እዚያች ረገብ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም።

10. አቅጣጫውን ማታ ያስተካክሉ፤ ከዚያ ብሎኑን ያጥብቁ። ቀን የተገመተ አቅጣጫ ብዙውን ጊዜ ይስታል።

ለማደያዎች፦ መቅጃው እየሠራ ወይም ቦቴ እየገለበጠ ምንም ዓይነት የኤሌክትሪክ ሥራ አይሠራም። ከመቅጃው፣ ከታንክ አፍና ከመተንፈሻ ቱቦው አጠገብ ፍንዳታ የማያስነሳ ተብሎ የተመሰከረለት መብራት ብቻ ይገጠማል። ተራ ፓውዛ ውሃ ስለማያስገባ ብቻ ጋዝ ባለበት ቦታ ደህና ነው ማለት አይደለም።

መብረቅ የሚበዛበት ከፍታ ላይ ከሆኑ በሰሌዳው ላይ የግፊት መከላከያ ያስገቡ። መከላከያው ግፊቱን የሚያፈስሰው ወደ መሬት ነውና፣ ግቢው የመሬት ዘንግ ከሌለው ወይም ሽቦው ከተቆረጠ ዕቃው ለጌጥ ነው።

ደረጃ 5፦ ማብራትና ማጥፋቱን ከሰው እጅ ማውጣት

መስመሩን ለሁለት ይክፈሉ።

- መስመር ሀ፦ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ። በር፣ ዋና መግቢያ፣ የአጥር ማዕዘኖች።
- መስመር ለ፦ እንግዳና ደንበኛ እስካለ ብቻ የሚበራ። የመኪና ማቆሚያው ዋና ክፍል፣ የአትክልት ቦታ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ።

አሁን ወደ 8ቱ ፓውዛዎች እንመለስ። ሁለቱ በደረጃ 2 ወርደው 6 ቀሩ፤ እያንዳንዳቸው በ120 ዋት ኤልኢዲ ተተኩ። ሦስቱ መስመር ሀ ላይ 12 ሰዓት ይበራሉ፦ 4.32 ኪሎዋት ሰዓት። ሦስቱ መስመር ለ ላይ እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት፣ ማለትም 5 ሰዓት ያህል ይበራሉ፦ 1.8። በቀን 6.12፣ በወር ወደ 184 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። ያው 8 መብራት በ8 ኤልኢዲ ብቻ ተተክቶ ሌሊቱን ሙሉ ቢበራ ኖሮ 346 ገደማ ይሆን ነበር።

*ፎቶሴል አገጣጠም*

1. ፎቶሴል ሲመሽ የሚያበራና ሲነጋ የሚያጠፋ የብርሃን ዓይን ነው። የተለመደው ባለ ሦስት ሽቦ ነው፦ ጥቁሩ ከብሬከር ለሚመጣው ፌዝ፣ ነጩ ለኒውትራል፣ ቀዩ ወደ መብራቱ። ከመግጠምዎ በፊት ግን አካሉ ላይ ያለውን ሥዕል ይመልከቱ።

2. ብዙ ኤልኢዲ በቀጥታ በአንድ ፎቶሴል ላይ አይጫኑ። ድራይቨር ሲነሳ ለቅጽበት ከተለመደው ብዙ እጥፍ አምፔር ይስባል፤ በፎቶሴሉ ውስጥ ያለውን የመገናኛ ከንፈር በየምሽቱ እያቃጠለ በመጨረሻ ያጣብቀዋል። ከዚያ መብራቱ ቀንም ማታም ይበራል። ፎቶሴሉ ኮንታክተር (በትንሽ ፍሰት የሚታዘዝ ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ) ያዝዝ፣ ኮንታክተሩ መብራቱን ይያዝ፦ ቀዩ ሽቦ ወደ ኮንታክተሩ ኮይል አንድ ጫፍ፣ ኒውትራል ወደ ሌላው ጫፍ። ኮይሉ 220 ቮልት መሆኑን ያንብቡ።

3. ፎቶሴሉ የራሱን መብራት እንዳያይ ያድርጉ። ሰማይ የሚያይበት፣ ከጣሪያ ክዳን ሥር ያልተደበቀ፣ የነጭ ግድግዳ ነጸብራቅ የማይደርስበት ቦታ ይምረጡ። «ሁልጊዜ ወደ ሰሜን» የሚለው ምክር ለሩቅ ሰሜን አገሮች የተጻፈ ነው፤ በእኛ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ ራሷ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች።

4. በጥቁር ጨርቅ ሸፍነው እስከ 2 ደቂቃ ይጠብቁ። ወዲያው ካልበራ አይደናገጡ፤ የመኪና መብራት እንዳያታልለው ሆን ተብሎ ይዘገያል።

*ታይመር*

ለመስመር ለ ፎቶሴሉና ታይመሩ በተከታታይ ይያያዙ፦ ፎቶሴሉ ያበራል፣ ታይመሩ ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ይቆርጣል። ታይመር ብቻውን አይበቃም። ደብረ ብርሃን ላይ ፀሐይ የምትገባው በኅዳር መጀመሪያ ወደ 12 ሰዓት፣ በሐምሌ ደግሞ ወደ 12፡45 ነው፤ በአንድ ሰዓት ተሞልቶ የተተወ ታይመር በአንዱ ወቅት በብርሃን ያበራል፣ በሌላው በጨለማ ያስቀምጥዎታል።

- በቁልፍ ጥርስ የሚዞረው ሜካኒካል ታይመር መብራት በጠፋ ቁጥር ይቆማል። ሦስት ሰዓት ጠፍቶ ከመጣ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ውስጡ ባትሪ ያለው ይግዙ።
- ዲጂታሉ የሚቆጥረው በ24 ሰዓት ነው። ምሽት 12 ሰዓት 18:00፣ ሌሊት 5 ሰዓት 23:00 ነው። የሚያበላሸው ሰዓቱን በፈረንጅ፣ ትእዛዙን በእኛ አቆጣጠር መሙላት ነው፤ መብራቱ በ6 ሰዓት ስህተት ይሄዳል።
- ፀሐይ መውጫና መግቢያን ራሱ የሚያሰላውን ዓይነት ከገዙ ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ይሞላ። ለደብረ ብርሃን 9.7 ሰሜን፣ 39.5 ምሥራቅ፣ የሰዓት ክልሉ ፕላስ 3። የበጋ ሰዓት ማስተካከያ የሚለውን ያጥፉት።

በሰሌዳው ላይ «በእጅ – ዝግ – አውቶ» የሚል ባለ ሦስት ቦታ ማዞሪያ ያስገቡ። ጥበቃው አደጋ ሲጠረጥር ሁሉንም የሚያበራበት መንገድ ካላገኘ በሁለተኛው ሳምንት ፎቶሴሉን በናስትሮ ይሸፍነዋል፤ እሱም አይፈረድበትም።

*የእንቅስቃሴ ሴንሰር*

ለጓሮ፣ ለመጸዳጃ መንገድና ለመጋዘን ጎን ይጠቅማል። ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሰው በፊቱ አቋርጦ በሚያልፍበት አቅጣጫ ይግጠሙት፤ ፊት ለፊት የሚመጣን ዘግይቶ ነው የሚያየው። ሴንሰሩ የሚያየው ሙቀትን ስለሆነ በቆላው ሞቃት ምሽት ይደክማል። ደጋ ላይ ደግሞ ነፋስ የሚያወዛውዘው ቅርንጫፍ፣ ውሻና ጅብ ያስነሱታል፤ ቅርንጫፉን ይቁረጡ፣ ዓይኑን ወደ መሬት ያዘንብሉ፣ የመቆያ ጊዜውን 2 ደቂቃ ያድርጉ።

ስለ ሶላር ፓውዛ በአጭሩ

ኬብል ለመቅበር ሩቅ ለሆነ የአጥር ጥግ ጥሩ ነው። ለዋና በር አይደለም። ካርቶኑ ላይ ያለው 300 ዋት ከፓኔሉ ስፋት ጋር አይገናኝም፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደጋው በደመና ሲከደን እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ይጠፋል። ፓኔሉን ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያዘንብሉ።

ደረጃ 6፦ ማረጋገጥና መንከባከብ

በደረጃ 1 የለኩትን በዚያው መንገድ ድጋሚ ይለኩ። ቢሉን ብቻ አይመልከቱ፤ እንግዳ ሲበዛ ወይም ታሪፍ ሲጨምር የመብራቱን ቁጠባ ይሸፍነዋል። በአንድ ወር ውስጥ ማያያዣዎቹን አንዴ ያጥብቁ፤ መዳብ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ይላላል። መስታወቱን ቆላ ላይ በየሦስት ወሩ፣ ደጋ ላይ በዓመት ሁለቴ፣ አንዱ መስከረም ከክረምት በኋላ፣ ኃይል አጥፍተው በእርጥብ ጨርቅ ያጽዱ።

ሲበላሽ

*በየጥቂት ደቂቃው ይበራል ይጠፋል።* ፎቶሴሉ የራሱን መብራት እያየ ነው፤ ቦታውን ይቀይሩ። ፎቶሴል ከሌለው ድራይቨሩ ከሙቀት የተነሳ ራሱን እያጠፋ ነው።

*ጠፍቶም ደብዘዝ ብሎ ይበራል።* ማጥፊያው ኒውትራልን እየቆረጠ ይሆናል፤ ፌዙን እንዲቆርጥ ይቀይሩት። እሱ ትክክል ከሆነ ረጅም ጎን ለጎን የሚሄድ ሽቦ የሚያሾልከው ትንሽ ፍሰት ነው፤ ኮንታክተሩን ወደ መብራቱ ማቅረብ ይረዳል።

*ዝናብ ሲጥል ብሬከሩ ይወርዳል።* ውሃ ስካቶላ ገብቷል። ስካቶላዎቹን ከመጨረሻው ጀምረው ወደ ሰሌዳው እየመጡ አንድ በአንድ እየነቀሉ ይሞክሩ፤ ሲነቀል ብሬከሩ መውረዱን ያቆመበት ቦታ ጥፋቱ ያለበት ነው። ብሬከሩን በትልቅ አምፔር መቀየር መፍትሔ አይደለም፤ እሳት ነው።

*የመጨረሻዎቹ ፖሎች ደብዝዘዋል።* ኬብሉ ቀጭን ነው ወይም አንድ መገናኛ ልል ነው። በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ 100 ሜትር ተጉዞ 10 አምፔር ሲሄድ ወደ 14 ቮልት ይጠፋል፤ 140 ዋት ያህል ኬብል ውስጥ ይነዳል። ኤልኢዲ አምፔሩን ስለሚቀንሰው ከዚህ በኋላ የደበዘዘ ካለ ኬብሉን ሳይሆን መገናኛውን ይጠርጥሩ።

*መስታወቱ ከውስጥ አልቧል።* ላስቲኩ ተቀምጦ እንደሆነ ይዩ። ሲሊኮን ከውጭ መለጠፍ ብቻውን ውሃውን ውስጥ ይቆልፈዋል፤ ፀሐይ ባለበት ቀን ከፍተው ያድርቁ፣ ላስቲኩን ይቀይሩ፣ ከዚያ ይዝጉ።

*አንድ ፌዝ ላይ ያሉት ብቻ ደጋግመው ይቃጠላሉ።* ዕቃ ከመቀየርዎ በፊት የደረጃ 4ን የኒውትራል ልኬት ምሽት 1 ሰዓት፣ ሌሊት 5 ሰዓትና ንጋት 11 ሰዓት ላይ ይድገሙት። ሌሊት የሰፈሩ ጭነት ሲቀንስ ቮልቴጁ የሚያሻቅብ ከሆነ ንባቦቹን ከነሰዓታቸው ጽፈው ለአገልግሎቱ ማመልከቻ ያስገቡ፤ በቁጥር የተደገፈ አቤቱታ «መብራታችን ይቃጠላል» ከሚለው ይልቅ ለቴክኒሻኑ የት መጀመር እንዳለበት ይነግረዋል።